ስውራን አፍቃሪዎች፤ የዛር፥ የክታብ፥ የገድልና የልብ ወለድ ትረካ በምዕራብ ጎጃምና በጣና ዙሪያ

፩. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ አጭር ጥያቄ ነው። ሰው ከማይታይ መንፈስ ጋራ የሚወዳጅበት፥ ሴት በወንድ አምሳል ተሰውራ የምትፈቀርበት፥ ወይም ሁለት ሰዎች በአገር ወግ ስም ያልተሰጠውን ፍቅር የሚይዙበት ትረካ በእኛ አገር እንዴት ተነገረ? ማን ጻፈው? በማንስ ወጪ ለአንባቢ ደረሰ?

በዛሬው ዓለም እንዲህ ያለው ድርሰት ራሱን የቻለ የልብ ወለድ ዓይነት ሆኗል። ታሪኩ ጋኔንን፥ ደም መጣጭን ወይም ሌላ የማይታይ ፍጡርን ከፍቅር ጋራ ያገናኛል፤ አፍቃሪዎቹም አንድ ጾታ ናቸው፥ ወይም ከወንድና ከሴት የተለመደ ወግ ውጭ ይኖራሉ። ከደራስያኑም ብዙዎቹ ከታላላቅ አሳታሚዎች ደጅ ርቀው በራሳቸው ገንዘብ ወይም በትንንሽ ማተሚያ ቤቶች የሚያሳትሙ ናቸው። በእኛ ቋንቋ ለዚህ ክፍል የተለየ ስም አልወጣለትም። ሆኖም ድርሰቱ የተሠራባቸው ሦስት ነገሮች፥ ማለት ከወግ የወጣ ፍቅር፥ የማይታየው ዓለምና በራሱ የቆመ ጸሐፊ፥ ለጎጃምና ለጣና ዙሪያ ሰው እንግዳ አይደሉም። የዚህ ጥናት ዓላማም እነዚህን ሦስት ክሮች በየተራ ተከትሎ የት እንደሚገናኙና የት እንደሚበጠሱ ማሳየት ነው።

አንባቢ አስቀድሞ እንዲረዳልኝ የምለምነው አንድ ነገር አለ። የጥንቱን ሰው የዛሬ ስም አውጥቶ መጥራት ለታሪክ ጸሐፊ አይገባውም። ነገር ግን የዛሬ ስም አይስማማውም ተብሎ በጽሑፍ የሰፈረውን ነገር እንዳልተጻፈ አድርጎ ማለፍም እንደዚሁ አይገባም። ይህን ሚዛን ለመጠበቅ እሞክራለሁ።

፪. የዛር ፈረስ

እኔ የተወለድሁት ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ከሚገኝ ገጠር ነው። በርበሬ ተለቅሞ በሚሰጣበት ወራት፥ የማታ ሥራ ሲቀል፥ ልጆች ከእሳት ዳር ተቀምጠን የምንሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ የቡዳና የጅብ፥ ሁለተኛው የዛር። የመጀመሪያው ያስፈራን ነበር። ሁለተኛው ግን ከፍርሃት ይልቅ የሚያስደንቅ ነበር፤ ምክንያቱም ዛር በጎረቤታችን ቤት ይመጣ ነበርና።

ጎረቤታችን ዝምተኛ ሴት ነበሩ። ዕጣን ጢሶ ቡና ተፈልቶ ዛራቸው በመጣ ጊዜ ግን ድምፃቸው ይወፍራል፤ ንግግራቸውም በወንድ አነጋገር ይሆናል። «መጣሁ፥ እኔ ጌታው» ሲሉ ሰምቻለሁ። በሌላ ቀን «አንቺ ሴትዮ» የሚሏቸው ባለቤታቸው በዚያን ሰዓት ከመደቡ ላይ ተነሥተው፥ ነጠላቸውን አደግድገው «አንቱ ጌታዬ፥ ምን ይታዘዝ?» ይሉ ነበር። ዛሩ ሁልጊዜ የሚያዝዘው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ቡናውን ሌላ ሰው ሳይሆን አንዲት የልብ ባልንጀራቸው እንድታፈላና ከጎናቸው እንድትቀመጥ ነው። ትእዛዙም ይፈጸማል። ሲነጋ ሁሉም ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል።

ይህን ትዝታ የጻፍሁት ለወግ ማሳመሪያ አይደለም። ስለ ዛር ጥናት ያደረጉ ሰዎች ከመዘገቡት ጋራ የሚስማማ ስለ ሆነ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ከዳካር እስከ ጅቡቲ በተደረገው የጥናት ጉዞ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ወራት ቆይቶ በወይዘሮ መልካም አየሁ ቤት የሚደረገውን የዛር ሥርዓት በየዕለቱ ይመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ዛርን ከቴያትር ጋራ አስተያይቶ መረመረ፤ በዛር የተያዘው ሰው እያወቀ ያስመስላል ወይስ በእውነት ተለውጧል የሚለውን ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ እንደሌለው አድርጎ አቀረበው። በዚያው ዓመት ሲሞን መሲንግ ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ የዛር ማኅበር ለታመሙት የጋራ ሕክምና፥ በኅብረተ ሰቡም ዘንድ ዝቅ ብለው ለሚታዩት፥ ይልቁንም ለሴቶች፥ የክብር ማግኛ መንገድ መሆኑን አስረዳ።

በዛር ቋንቋ የተያዘው ሰው «ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩ ይጋልበዋል። ወንድ ዛር ሴትን፥ ሴት ዛርም ወንድን ሊጋልቡ ይችላሉ። ዛሩም ሲፎክር የራሱን ስም፥ የራሱን ጾታና የራሱን ማዕርግ ይናገራል፤ የሚሰማውም ሰው በዚያው መሠረት ይመልስለታል። አማርኛ ደግሞ በአክብሮት አነጋገር ካልሆነ በቀር «አንተ» ወይም «አንቺ» ሳይል፥ ግሡንም ሳይለይ አንድን ሰው ሊያነጋግር የማይችል ቋንቋ ነው። ስለዚህ በዛር ቤት ውስጥ የሰዋስው ሕግ ራሱ ለጥቂት ሰዓት ቦታ ይለውጣል። የሴቲቱ አካል ሳይለወጥ «እሱ» ትባላለች፤ የሚቃወምም የለም።

ስለ ዛሮች አመጣጥ የሚነገረው ተረትም ለዚህ ጥናት ጠቃሚ ነው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወልዳ ነበር ይባላል። እግዚአብሔር ልጆቿን ሊጎበኝ በመጣ ጊዜ የሚያምሩትን አሥራ አምስቱን ከዓይን ፈርታ ደበቀች። እሱም የደበቅሻቸው ተደብቀው ይቅሩ አላት። እነዚያ የማይታዩት ዛሮች ሆኑ፤ የሚታዩት ደግሞ እኛ ነን። በዚህ ተረት መሠረት የተሰወረው ወገን ጠላት ወይም ባዕድ አይደለም፤ የአንድ እናት ልጅ ነው። መደበቁም ስለ ከፋ ሳይሆን ስላማረ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የዛር ቤት የዛሬውን ዓይነት የጾታ ነጻነት ይሰጥ ነበር ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ዛር ሕመም ነው፤ ባለዛሯም ብዙ ትሠቃያለች፥ ብዙም ወጪ ታወጣለች። እኔ የምለው ከዚህ ያነሰ ነው። አንዲት የገጠር ሴት በወንድ ድምፅ የምትናገርበት፥ ፈቃዷንም የምታስፈጽምበት፥ ሰሚዎቿም አሜን ብለው የሚቀበሉት የታወቀ የትረካ ሥርዓት ነበር። ልብ ወለድ ከመታተሙ አስቀድሞ የነበረው መድረክ ይህ ነው።

፫. ደብተራው እንደ ብቸኛ ጸሐፊ

ሁለተኛው ክር ጽሑፍ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ናቸው። ከነዚህ ጉባኤዎች ወጥተው በደብር አገልግሎት ያልረኩ፥ ወይም ቦታ ያላገኙ ደብተራዎች ክታብ በመጻፍ ይተዳደሩ ነበር። ክታቡ በበግ ወይም በፍየል ብራና ላይ ይጻፋል፤ ርዝመቱም ብዙ ጊዜ በታማሚዋ ቁመት ልክ ይቆረጣል። በመካከሉ ጠልሰም ይሣልበታል። ቤተ ክርስቲያን ሥራውን በይፋ አትደግፈውም፤ ገዢው ግን አይጠፋም።

በክታቦች ላይ በብዛት ከሚጻፉት ታሪኮች አንዱ የቅዱስ ሱስንዮስና የወርዝልያ ነው። ወርዝልያ ሕፃናትን የምትገድል ሴት ጋኔን ናት፤ በአንዳንዱ ቅጂ የሱስንዮስ እኅት እንደ ነበረችና ከሰይጣን ጋራ ተወዳጅታ እንደ ወለደች ይነገራል። ልጁን የገደለችበት ሱስንዮስም በፈረስ ተቀምጦ አሳድዶ በጦር ይወጋታል። እንግዲህ ሰው ከመንፈስ ጋራ የሚወዳጅበት ታሪክ በብራና ላይ ተጽፎ በሴቶች አንገት ላይ ሲንጠለጠል ኖሯል ማለት ነው። የተጻፈው ግን ለማስጠንቀቂያና ለማባረሪያ ነው፤ ለአፍቃሪዎቹ የሚራራ ቃል የለበትም።

ስለ ጸሐፊው ግን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ደብተራው አሳታሚ የለውም፥ ደመወዝ የለውም፥ የአለቃም ፈቃድ አይጠይቅም። ከደንበኛው ጋራ ተዋውሎ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ጽሑፍ ይጽፋል። በክታቡ ላይም የሚሰፍረው የደንበኛዋ የክርስትና ስም ነው፤ የጸሐፊው ስም በአመዛኙ አይገኝም። ስለ ማይታየው ዓለም የሚጽፍ፥ በራሱ የቆመ፥ ስሙንም የሚሰውር ጸሐፊ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

፬. የስንክሳርና የገድል ምስክርነት

በሦስተኛ ደረጃ የምናገኘው ቅዱሳት መጻሕፍትን ነው። በስንክሳር ከሚነበቡት ቅዱሳን መካከል በመነኩሴ ስም በወንዶች ገዳም የኖረችው ማሪና ትገኛለች። አንዲት ልጃገረድ ከእርሱ አረገዝሁ ብላ በከሰሰቻት ጊዜ ሴት ነኝ ብላ ራሷን ነጻ ማውጣት ስትችል ዝም ብላ ነቀፋውን ተሸከመች፤ ሕፃኑንም አሳደገች። እውነቱ የታወቀው ስትሞት ነው። ይህ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ለትሕትና ምሳሌነት ነው እንጂ ለፍቅር ታሪክነት አይደለም። ቢሆንም በወንድ ልብስ የተሰወረች ሴት ለምእመናን ጆሮ የታወቀች ሰው መሆኗን ያሳያል።

ከዚህ ይልቅ ለክርክር የቀረበው የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል ነው። ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እ.ኤ.አ.) ከታላቅ ቤተ ሰብ ተወልዳ የዐፄ ሱስንዮስ ሹም የነበረውን መልክአ ክርስቶስን አግብታ ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በተቀበለ ጊዜ ባሏን ትታ መነኰሰች፤ ተቃውሞውን መርታ በጣና ዙሪያ የመነኮሳትና የመነኮሳይያት ማኅበር አቋቋመች። ገድሏ እ.ኤ.አ. በ1672 በግዕዝ ተጻፈ። በዚህ ገድል ውስጥ ከእኅተ ክርስቶስ ጋራ የነበራት ወዳጅነት ሰፊ ቦታ ይዟል፤ ከተገናኙበት ቀን ጀምሮ ልባቸው አንድ እንደ ሆነና በፍቅር እንደ ኖሩ ጸሐፊው ይመሰክራል። ደግሞም በማኅበሩ ውስጥ መነኮሳይያት እርስ በርሳቸው በፍትወት ሲመኛኙ ቅድስቲቱ አይታ እንዳዘነች የሚተርክ ክፍል አለ።

ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር ገድሉን ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙ ጊዜ ቤልቸር ይህን ክፍል በሴቶች መካከል ስላለ ፍላጎት ከሰሃራ በታች ከተጻፉት ሁሉ ቀደምት ከሆኑት ምስክርነቶች መካከል ቆጠረችው፤ የሁለቱን ቅዱሳት ወዳጅነትም የዕድሜ ልክ አጋርነት አድርጋ አየችው። ከኢትዮጵያውያን ወገን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ከተቃዋሚዎቹም አንዱ ይርጋ ገላው ወልደየስ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጽሑፍ ትርጕሙ የግዕዙንና የቤተ ክርስቲያኒቱን አእምሮ ያልተከተለ፥ የቅኝ ገዢን ዓይን የያዘ ነው ሲል ተቸ።

እንደ ተማሪነቴ የምሰጠው አስተያየት የሚከተለው ነው። ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው፤ ገድል በድንግልና ሥርዓት ውስጥ የተጻፈ የቅድስና መጽሐፍ ስለ ሆነ እንደ ፍቅር ልብ ወለድ ሊነበብ አይገባውም። በሌላ በኩል ግን የ1672ቱ ጸሐፊ ሁለት ነገሮችን ለመጻፍ አላፈረም፤ አንደኛ በሁለት ሴቶች መካከል ያለ ፍቅር የአንድ ሕይወት ምሰሶ ሊሆን እንደሚችል፥ ሁለተኛ ሴት ሴትን ልትመኝ እንደምትችል። የመጀመሪያውን አመሰገነ፥ ሁለተኛውን ነቀፈ። ሁለቱን ለያይቶ ማየት ይገባል፤ ነገሩ ከውጭ የመጣ ወሬ ነው፥ በአባቶቻችን ዘንድ አልታወቀም ማለት ግን የራሳችንን ብራና ሐሰተኛ ማድረግ ነው።

፭. ጦቢያና መንታው

ወደ ታተመው ልብ ወለድ ስንመጣ መጀመሪያ የምናገኘው የዘጌ ሰው ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1868 በጣና ዳር በዘጌ ተወለዱ። ሥዕል ለመማር ወደ ኢጣልያ ተላኩ፤ በኋላም በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ። «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው የሰየሙትን፥ በኋላ ጊዜ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ አሳተሙ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ የሚቆጠር ነው። ከቤተ መንግሥትም ከቤተ ክህነትም ርቆ፥ በሰው አገር ታትሞ የወጣ መጽሐፍ በመሆኑ በራሱ የቆመ ድርሰት ልንለው እንችላለን።

የታሪኩ አጥንት ይህ ነው። አንድ የክርስቲያን የጦር አለቃ ድል ሆኖ ይማረካል፤ ደግ ነጋዴ ቤዛውን ይከፍልለታል። ልጁ ዋሕድ ያን ነጋዴ ሊፈልግ ወጥቶ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንታ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ እሱን ፍለጋ ትወጣለች። በንጉሡ ግቢ በእንግድነት ሳሉ የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልዕልት ጦቢያን ወንድ መስላት ታፈቅራታለች። በመጨረሻ ምስጢሩ ይገለጻል፤ ንጉሡ ክርስትና ተቀብሎ ጦቢያን፥ ልዕልቲቱም ዋሕድን ያገባሉ።

ይህን መጽሐፍ በመጀመሪያ ያነበብሁት በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። የልዕልቲቱን ፍቅር በክፍል ውስጥ ያለፍነው በሳቅ ነበር። ለፈተናም የተጠየቅነው ስለ አባትየው ምስጋና አክባሪነት፥ ስለ ነጋዴው ቸርነትና ስለ ሃይማኖት ድል ነበር። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ አንድ ነገር በልቤ ቀረ። ልዕልቲቱ የወደደችው ማንን ነው? ያየችው የጦቢያን ፊት ነው፤ የሰማችው የጦቢያን ድምፅ ነው። በመጨረሻ የተሰጣት ግን ወንድሟ ነው። ደራሲው ይህን ዕንቅፋት የተሻገሩት መንታ በመፍጠር ነው፤ መልኩ አንድ፥ ጾታው ሌላ። ልዕልቲቱ የምትወደው መልክ አልተነፈገችም፤ ወጉም አልተነካም።

መንታን ለዚህ ማዋል በዓለም ሥነ ጽሑፍ የታወቀ መላ ነው፤ ሼክስፒርም ተጠቅሞበታል። ስለዚህ አፈወርቅ የተለየ ሐሳብ በስውር አስተማሩ አልልም። ነገር ግን የአማርኛ ልብ ወለድ በተወለደበት ቀን ሴት ሴትን የምታፈቅርበት ትዕይንት፥ ባለማወቅም ቢሆን፥ ከታሪኩ ማጠንጠኛዎች አንዱ እንደ ነበረ የማይካድ ነው። በራስ መቆም ሁልጊዜ ንጽሕና እንዳልሆነም መጨመር ይገባል። አፈወርቅ በፋሺስት ወረራ ዘመን ከጠላት ጋራ በመወገናቸው ከነጻነት በኋላ ተግዘው እ.ኤ.አ. በ1947 በጅማ አረፉ።

፮. የማንኩሳው ልጅ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ማንኩሳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የደብረ ማርቆስ አውራጃ ተወላጅ የሆኑት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን የወለዱት ከዚህች ቦታ ነው። በዛብህ በሕፃንነቱ ታሞ እናቱ ውድነሽ በጣሙ ከዳነልኝ ዕድሜውን ሙሉ ለቤተ ክርስቲያን ይሁን፥ ሚስትም አያግባ ብላ ተሳለች። እሱም አድጎ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አፈቀረ።

በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ የተከለከለው ፍቅር የወንድና የሴት ነው፤ ስለዚህ ከርእሳችን የራቀ ይመስላል። ነገር ግን የከለከለውን ነገር እንመልከት። የሰብለን ወላጆች የሚያስቆጣው የዘር ልዩነት ነው፤ በዛብህን ከውስጥ የሚበላው ግን የማይታይ ኃይል፥ ማለት እሱ ያልተሳለው ስለት ነው። ሳይጠየቅ፥ ሳይናገር፥ በእናቱ ቃል ከፍቅር ውጭ ተደርጎ ተወለደ። ሰብለም በመጨረሻ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው ፍለጋ የምትወጣው። መሰወር፥ ማይታየው ኃይልና ከወግ የወጣ ፍቅር እዚህም አብረው ይገኛሉ። ከሀገሬ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ታሪክ ያወቁት አንብበው ሳይሆን ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምተው ነው። የተጻፈው ወደ እሳት ዳር ወሬ ተመለሰ ማለት ነው።

፯. የውጭው ዓለም ምሳሌ

በሌላው ዓለም ይኸው ክር ምን መንገድ ሄደ? አየርላንዳዊው ሸሪዳን ለ ፋኑ እ.ኤ.አ. በ1872 በመጽሐፍ ባወጣው «ካርሚላ» በተባለው ታሪክ ሴት ደም መጣጭ አንዲትን ልጃገረድ ታፈቅራለች። የታሪኩ መጨረሻ ግን ከሱስንዮስ ጦር የተለየ አይደለም፤ አፍቃሪዋ ጋኔን ናትና ተወግታ ትሞታለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ጁኤል ጎሜዝ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት «የጊልዳ ታሪኮች» የተሰኘውን መጽሐፍ ፋየርብራንድ በተባለ ትንሽ የሴቶች ማተሚያ ድርጅት አሳተመች። ባለታሪኳ ከባርነት ያመለጠች ልጅ ናት፤ ደም መጣጭ ሆና ዘመናትን ስትሻገር ሰው አትገድልም፥ ይልቁንም ከምትቀርበው ሰው በጎ ሕልም ትሰጣለች። በእነዚህ ሁለት መጻሕፍት መካከል የተለወጠው ጋኔኗ ሳትሆን ብዕሩን የያዘው ሰው ነው። ቀድሞ ስለ እሷ ይጻፍ ነበር፤ ኋላ ራሷ ጻፈች።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የናይጄሪያው ምሳሌ ነው። አክዋኤኬ ኤሜዚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት «ፍሬሽዋተር» በተሰኘው ልብ ወለድ የኢቦ ሕዝብ «ኦግባንጄ» የሚሏቸው መናፍስት በአንዲት ልጅ አካል ውስጥ አድረው ራሳቸው ታሪኩን ይተርካሉ። ደራሲው ራሳቸውን ወንድም ሴትም አድርገው አይቆጥሩም፤ ይህንንም የሚያስረዱት ከአውሮፓ በተዋሱት ቃል ብቻ ሳይሆን በአያቶቻቸው እምነት ጭምር ነው። የዛርን ፉከራ ለሰማ የጎጃም ልጅ ይህ መጽሐፍ እንግዳ አይሆንበትም። ደግሞም እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ አማዞን የተባለው ድርጅት ደራስያን ያለ አሳታሚ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መጽሐፍ እንዲያወጡ በር ከከፈተ ጀምሮ የእንዲህ ያለ ድርሰት ጸሐፊዎች ቁጥር እጅግ በዝቷል።

፰. የዛሬው ጸሐፊ ሁኔታ

በኢትዮጵያ ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ደራስያን ገንዘብ አጠራቅመው ወይም ተበድረው መጽሐፋቸውን ራሳቸው ማሳተማቸው የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ በራስ ማሳተም ለእኛ ደራሲ የምርጫ ጉዳይ ሳይሆን የዕለት ኑሮው ነው።

ነገር ግን ስለ አንድ ጾታ ፍቅር የሚጽፍ ሰው ከወረቀትና ከማተሚያ ዋጋ ሌላ ዕዳ አለበት። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንድ ጾታ ሰዎች መካከል የሚደረገውን ግንኙነት በወንጀልነት ደንግጎ ነበር፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ይህንኑ ደንግጓል። የእምነት ተቋማትም፥ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፥ ነገሩን በጽኑ ያወግዛሉ። ስለዚህ ጽሑፉ በብዕር ስም፥ ወይም ከአገር ውጭ ይወጣል። አፈወርቅ ሮም ላይ እንዳሳተሙ፥ ደብተራውም ስሙን እንዳልጻፈ ማለት ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ቃል «ዜጋ» የሚል ነው። ይህ ቃል ለጎጃም ታሪክ ተማሪ ሌላ ትርጕም ያስታውሰዋል። ሀብታሙ መንግሥቴ ስለ ምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሥሪት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው በጎንደር ዘመን ሰነዶች ውስጥ ዜጋ ማለት የራሱ መሬት የሌለው፥ በባለ ርስት ጥላ ሥር የሚኖር ገባር ነበር። በዘመናዊ አማርኛ ደግሞ ዜጋ ሙሉ የአገር ልጅ ነው። አንዱ ቃል ርስት የሌለውንም የአገሩን ባለቤትም ሊጠራ መቻሉ የነዚህን ሰዎች ሁኔታ ከማንኛውም ሐተታ ይልቅ ያስረዳል።

፱. ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው ሦስቱ ክሮች፥ ማለት ከወግ የወጣ ፍቅር፥ የማይታየው ዓለምና በራሱ የቆመ ጸሐፊ፥ በጎጃምና በጣና ዙሪያ ለየብቻቸው ረጅም ዕድሜ አላቸው። በዛር ቤት ሁለቱ ተገናኝተዋል፤ ጸሐፊ ግን አልነበረም። በክታብ ላይ ጸሐፊው አለ፤ ርኅራኄ ግን የለም። በገድሉ ፍቅሩ አለ፤ ግን ከፍትወት ተለይቶ። በጦቢያ ፍቅሩም ጸሐፊውም አሉ፤ መንታው መጥቶ ገላገላቸው። ሦስቱ በአንድ መጽሐፍ የተገናኙት በሌላ አገር ነው። ይህም የሆነው የሐሳብ ድህነት ስላለብን ሳይሆን እውነቱን በራሱ ስም ለሚናገር ሰው የሚቆምበት ቦታ ስላልተሰጠው ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ለጓደኞቼ ተማሪዎች አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ወደ ገጠሩ ሄዶ ማሰባሰብ አስቸጋሪ ሆኗል፤ የዛርን ፉከራ የሚያውቁት አረጋውያን ደግሞ በየዓመቱ ያልፋሉ። በሚቻለው መንገድ ሁሉ፥ ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን ጀምረን፥ የሰማነውን ሳናሳምርና ሳናፍር መመዝገብ አለብን። ፍርዱን አንባቢ ይሰጣል።

ያቺ ጎረቤታችን ከጥቂት ዓመታት በፊት አርፈዋል። በለቅሶው ቀን ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከድንኳኑ ፊት ቆመው ያለቅሱ ነበር፤ የዘመድ ተርታም በማዕርጉ ተሰልፎ ነበር። ባልንጀራቸው ከተርታው ውስጥ አልነበረችም። ከጓሮ ተቀምጣ ለለቀስተኛው ቡና ታፈላ ነበር። ዛሩ ቀርቷልና ከጎናቸው እንድትቀመጥ የሚያዝዝላት አልተገኘም። እኔ ያን ቀን ከእጇ ቡና ተቀብዬ ጠጥቻለሁ፤ ምን ብዬ እንደማጽናናት ግን ቃል አላገኘሁም።